ከባሕር ማዶ ስለ መመለስ



ከባሕር ማዶ ተመልሶ በብሥራተ ገብርኤል ዐጸድ ሲቆም ተሰጥዎው የሚጠፋው ወጣት እንግዳ ነውን? ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወስደው ቻርልስ ማርቲን ብለው አሳደጓቸው፤ በዚያም ሕክምና ተማሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛው ከአንደበታቸው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። አያታቸው ግን ንግግራቸውን አልመረመሩም፤ ከሕፃንነታቸው በገላቸው የቀረውን ጠባሳ አይተው ልጄ ብለው ተቀበሏቸው። (ጎረቤትማ በልብሱና በአነጋገሩ ፈረንጅ ይለዋል፤ ጠባሳውን የሚያውቅ ዘመድ ብቻ ነው።) ሐኪሙም የእናታቸውን ቋንቋ በጎልማሳነት እንደ አዲስ ተማሩ፤ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈትም የበላይ ጠባቂው እሳቸው ሆኑ።