ስፔንን በባለቤቶቿ ሰዓት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከጂኦግራፊ ክበብ አባሎች የተሰማ ንግግር)



በዛሬው በዓል ክበባችን እንዲናገርበት የተሰጠው ርእስ «ለዕረፍት ወደ ስፔን የሚሄድ መንገደኛ ያገሩን ባህል ማየት ለምን ያስፈልገዋል?» የሚል ነው። ርእሱ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «እኛ የት፣ የስፔን ሽርሽር የት!» ብለው ሲሥቁ ሰምተናል። ሣቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከመካከላችን በጀርመን ወይም በስዊድን ወይም በኢጣልያ ወንድም ወይም አክስት ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ከነዚህም ዘመዶቻችን በዕረፍታቸው ወራት ወደ ስፔን ባሕር ዳርቻ የሚወርዱ አሉ። ደግሞም የእንግዳ ነገር እንግዳ ለሚቀበል አገር ልጆች ባዕድ ነገር አይሆንም።

ስፔን በቤታችን ስሟ የሚነሣው ባብዛኛው በእግር ኳስ ምክንያት ነው። ታላላቆቻችን ደግሞ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ሩጫ አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያዪቱ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት መሆኗን ያስታውሳሉ። ለተሰንበት ግደይም በ2021 በግማሽ ማራቶን የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው በቫሌንሲያ ከተማ ነው። (ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን በኛ አቆጣጠር የምንጠራውን ለይተን እንናገራለን።) ከኳሱና ከሩጫው ወዲያ ስላለችው ስፔን ግን የምንሰማው ጥቂት ነው።

አሳባችንን ባጭሩ እናስቀድም። ያንድ ሕዝብ ባህል በሙዚየም ውስጥ ብቻ ተቀምጦ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፤ ሕዝቡ በሚበላበት፣ በሚጫወትበት፣ ሱቁን በሚዘጋበትና አደባባይ በሚወጣበት ሰዓት ውስጥ ይገኛል። የራሱን ሰዓት ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፀሐይ ሞቆ፣ አገሩን ሳያየው ይመለሳል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ስፔናዊ ምሳውን የሚበላው በኛ አነጋገር ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ እራቱም ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ ወዲህ ይቀርባል። ከሰሜን አውሮፓ የመጣው ጐብኚ በ12 ሰዓት ተኩል እራት ፍለጋ ሲወጣ በብዙው ምግብ ቤት ምድጃው ገና አልጋለም። የሚከፈትለት ለጐብኚ ተብሎ የተከፈተው ቤት ነው፤ እዚያም ቢቀመጥ ዙሪያውን የሚያየው እንደ ራሱ ያለ ጐብኚ ብቻ ነው። በትንንሽ ከተሞች ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሲያገኝም «ይህ ሕዝብ እንቅልፍ ይወዳል» ብሎ ይፈርዳል። አብዛኛው ሰው ግን በዚያ ሰዓት አልተኛም፤ ከቤተ ሰቡ ጋራ ምሳ ላይ ነው።

ይህ ሰዓት ታሪክ አለው። አብዛኛው የስፔን ምድር ከለንደኑ የግሪኒች መስመር በስተምዕራብ ይገኛል። ሆኖም በ1940 በመጋቢት ወር የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት ያገሩን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍቶ ከበርሊን ሰዓት ጋራ አስተካከለው፤ ጦርነቱ ካለቀም በኋላ አልተመለሰም። ስለዚህ በአውሮፓ የሙቀት ወራት በማድሪድ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው የእጅ ሰዓቱ 8 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲል ነው። እንግዲህ ዘግይቶ ይበላል የሚባለው ሰው፣ በፀሐይዋ ከተቈጠረ፣ የሚበላው በእኩለ ቀን ነው ማለት ነው። ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምረን ለምንቈጥር ለኛ ይህን ማስተዋል ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ሳይቀለን አይቀርም።

ምግቡ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሶብሬሜሳ የሚሉት አለ። ትርጉሙ ከማዕዱ ሳይነሡ ቁጭ ብሎ መጫወት ነው። ሒሳብ ካልጠየቁ በቀር አስተናጋጁ አያመጣም፤ ማምጣት እንግዳን እንደ ማስነሣት ይቈጠራልና። ችኩሉ ጐብኚ ይህን «አገልግሎቱ ዘገምተኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። እኛ ግን አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን የምናውቅ ልጆች ነን፤ ከአቦሉ በኋላ ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ እናቶቻችንን ምን እንደሚያሰኛቸው ወላጆች ያውቁታል።

ከስፔን ከተሞች አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል ቫሌንሲያን እንመርጣለን። ፓኤያ የሚባለው የሩዝ ምግብ የዚህ አገር ነው፤ ሩዙም ከከተማው በስተደቡብ ካለው ከአልቡፌራ ሐይቅ ዳር ይበቅላል። በገጠሩ ወግ ሰፊው ብረት ድስት በብርቱካን እንጨት እሳት ላይ ይጣዳል፤ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ፎሶሊያና አደንጓሬ ይገባበታል፤ ሲበስልም ድስቱ እንዳለ በመካከል ይቀመጥና ሁሉም በየእንጨት ማንኪያው በየፊቱ ያለውን ይበላል። ወደ ጐረቤቱ ድርሻ እጁን የሚሰድ እንደ ባለጌ ይታያል። ይህን ስናነብ ከመሶብ ዙሪያ የተማርነውን ነገር ሌላ ሰው በሌላ ቋንቋ የሚነግረን መስሎን ተገርመናል። ፓኤያ የምሳ ምግብ ነው፤ በማታ የሚሸጠው በአብዛኛው ለጐብኚ የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆችን የሚያሳስብ ነገር ይኖር ይሆናል። ጥንቸል በብዙዎቻችን ቤት አይበላም፤ የአሳማ ሥጋም እንዲሁ፤ በዚያ አገር ግን የአሳማ ሥጋ የሌለበት ማዕድ ጥቂት ነው። ባህልን ማየት የራስን መጣል ነው የሚል ካለ አንስማማም። «ይህን አልበላም» ብሎ በትሕትና የሚናገር እንግዳ ከማዕዱ አይባረርም፤ እንዲያውም ጨዋታ የሚጀመረው በዚሁ ነው።

በዚያው በቫሌንሲያ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ በኛ 6 ሰዓት፣ የከተማው ካቴድራል የሐዋርያት በር ከሚባለው ፊት ለፊት የውሃ ችሎት ይቀመጣል። ችሎቱ የሚዳኘው ከቱሪያ ወንዝ በሚወጡት የመስኖ ቦዮች ነገር ነው፤ ዳኞቹም ስምንት ናቸው። ዳኞቹ ገበሬዎች የመረጧቸው ገበሬዎች ሲሆኑ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው በክብ ይቀመጣሉ። ውሃ ከተራው ውጭ ያጠጣ፣ ቦዩን ያልጠረገ፣ የጐረቤቱን ማሳ ያጥለቀለቀ ሁሉ እዚያ ይከሰሳል። ክርክሩ በቃል ነው፤ ጠበቃና የተጻፈ ማመልከቻ የለም። የተከሳሹ ቦይ ዳኛ ለወገኑ እንዳያደላ ከፍርዱ ይወጣል። ፍርዱም እዚያው ይሰማል፤ ይግባኝም የለውም። ዩኔስኮ በ2009 ይህን ችሎት በማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ጽፎታል፤ ገበሬዎቹ ግን የሚሰበሰቡት ለመዝገቡ ብለው ሳይሆን ውሃው እንዳይጣላቸው ነው። ሽምግልናን በዛፍ ጥላ ሥር ያየ ኢትዮጵያዊ እዚያ ቆሞ ቋንቋውን ባይሰማ እንኳ ነገሩ አይጠፋውም። ባሕር ዳር በአሸዋ ላይ የተኛው ጐብኚ ግን ይህ ሁሉ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ሲሆን አይሰማም።

ወደ ማድሪድ እንለፍ። የቤተ መንግሥቱንና የገበያውን ነገር ሌሎች ይናገሩት፤ እኛ አንድ ሥዕል ብቻ እናንሣ። ሬይና ሶፊያ በሚባለው ሙዚየም ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 8 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ቀለም ብቻ የተሣለ ገርኒካ የሚባል የፓብሎ ፒካሶ ሥዕል አለ። የሚጮህ ፈረስ፣ የሞተ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ የወደቀ ወታደር ይታይበታል። ገርኒካ በባስክ አገር ያለች ከተማ ናት። በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ የሂትለርና የሙሶሊኒ አውሮፕላኖች በእሳት አጋዩዋት። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ቀኑን ልብ በሉልን። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ግፍ ከተፈጸመ ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር። ከዚያም አስቀድሞ የሙሶሊኒ አየር ኃይል ባገራችን ሠራዊትና ሕዝብ ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አውርዷል። ሥዕሉ ብዙ ዘመን በኒው ዮርክ ተቀምጦ በ1981 ወደ ስፔን ገባ፤ ፒካሶ ነጻነት ሳይመለስ ሥዕሉ እንዳይመለስ አዝዞ ነበርና። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ እዚህ ሥዕል ፊት ቢቆም ስለ ሌላ ሰው ኀዘን ብቻ አያስብም። ፎቶግራፍ ሊነሣበት ብቻ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚያይ አናውቅም።

በደቡብ ባለው በአንዳሉሲያ የሚያስደንቀን የቋንቋው ነገር ነው። የግራናዳን አልሐምብራና ከ800 የሚበልጡ ዐምዶች ያሉትን የኮርዶባን መስጊድ ሁሉም ስለሚያወራላቸው እንተዋቸው። ከዐረቦች ዘመን የቀሩትን ቃላት ግን ስሙ፤ ስፔናዊው ዘይትን «አሴይቴ»፣ ሩዝን «አሮስ»፣ ስኳርን «አሱካር» ይላል። የዐረብኛውን «አል» ከፊታቸው ላይ ብታነሡት በገበያችን የምንጠራቸው ስሞች ናቸው። ፍላሜንኮ የሚባለውም ዘፈን የሚያድገው አድማጩ በመካከል ቃል እየጣለ ሲያበረታታ ነው፤ አዝማሪ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ለአዝማሪው ምን ያህል እንደሚከብደው አስቡ።

በካታሎንያ ደግሞ ሰው በሰው ትከሻ ላይ እየወጣ ግንብ ይሠራል፤ ካስቴል ይሉታል። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አንዳንዴም ዐሥር ደርብ ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ወጥቶ እጁን ሲያነሣ ግንቡ ተፈጸመ ይባላል። ከሥር ግን በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ ወደ ልምምዳቸው ቦታ የሄደ እንግዳም ብዙ ጊዜ «ና፣ ግፋ» ተብሎ ይጠራል። በዚያ አገር «ብዌኖስ ዲያስ» ከማለት በካታላን «ቦን ዲያ» ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ እንግዳ ፊቶች ሲፈቱለት ያያል። ብዙ ቋንቋ ባለበት አገር ለምናድግ ለኛ ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም።

የባሰ ነገር አለ ያልነውን አሁን እንናገር። በ2024 ወደ 94 ሚሊዮን የውጭ አገር ጐብኚ ወደ ስፔን ገብቷል፤ የሕዝቧ ቁጥር ግን 49 ሚሊዮን ያህል ነው። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በባርሴሎና ሰልፍ የወጡ ሰዎች ምግብ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡ ጐብኚዎችን በልጆች መጫወቻ ሽጉጥ ውሃ ረጭተዋቸዋል። ምክንያቱም አፓርታማዎቹ ለጐብኚ ስለሚከራዩ ያገሩ ልጅ የሚኖርበት ቤት ውድ ሆኖበት ነው፤ የከተማው አስተዳደርም እንዲህ ያሉትን 10,000 ያህል ፈቃዶች በ2028 እንደማያድስ አስታውቋል። ባህል የሚያይ ጐብኚ የቤት ኪራይ ያረክሳል ብለን አንዋሽም። ነገር ግን እንደ ሶሪያና እንደ ቴሩዌል ባሉ የመሐል አገር አውራጃዎች ወጣቱ ወጥቶ መንደሮች ባዶ እየሆኑ ነው፤ እዚያ ሄዶ ከመንደሩ ምግብ ቤት ምሳ የሚበላ እንግዳ ማንንም ከቤቱ አያስወጣም። ያ ሁሉ ሕዝብ በባሕሩ ዳር የሚጨናነቀው ሌላውን ስፔን ማንም ስላልነገረው ነው እንላለን።

በጥምቀት ቀን በጎንደር የሆነውን ከመካከላችን ያዩ አሉ። አንዱ እንግዳ ካሜራውን ይዞ በታቦቱና በሕዝቡ መካከል ይገባል፤ ሌላው ነጠላ ተውሶ፣ ሌሊቱን ከሕዝቡ ጋራ ቆሞ ያድራል። ሁለቱም የከፈሉት የአውሮፕላን ዋጋ አንድ ነው። የሴቪያ ሰው በሰሙነ ሕማማት ሰልፉ ላይ፣ የቫሌንሲያ ገበሬም በችሎቱ ላይ ሲያየን ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያይ መወሰን የኛው ነው።

ስለ ወጪው ለጠየቃችሁን፦ የውሃውን ችሎት ለማየት ክፍያ የለም፤ ካስቴል ሲሠራ ማየትም በነጻ ነው፤ ፕራዶ የሚባለው የማድሪድ ታላቅ የሥዕል ቤት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከመዘጋቱ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓቶች ያለ ክፍያ ያስገባል፤ በየከተማው አደባባይ ላይ ማታ ሽማግሌዎችና ሕፃናት አብረው በሚያመሹበት ወንበር ላይ መቀመጥም እንዲሁ። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ ከበዓሉ በኋላ በጂኦግራፊ ክፍል ካርታው አጠገብ ታገኙናላችሁ። የቪዛውን ጥያቄ ግን ለኤምባሲው እንድታቀርቡ በትሕትና እንለምናለን።