የሃይድሮሊክ ቻክ አገጣጠምና የግፊቱ አመጣጠን፦ ከቶርኖ ቤት እስከ ቡና መፈልፈያ



ከሚዛን ተፈሪ አንሥቶ በሸኮ በኩል እስከ ቴፒ በሚዘልቀው የቡና ምድር፣ በለቀማ ወራት አንድ መፈልፈያ ቢቆም ጉዳቱ የማሽኑ ብቻ አይደለም። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ ጥራቱም ይወድቃል። የከበሮው ዘንግ በነሐስ ቦኮላ ላይ በሚዞርበት መፈልፈያ፣ ቦኮላው ሲበላ በከበሮውና በፊት ለፊቱ ባለው ሰሌዳ መካከል ያለው ክፍተት ይዛባል። በጠበበው በኩል ፍሬው ይቆረጣል፤ በሰፋው በኩል እሸቱ ሳይፈለፈል ያልፋል። አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ በመሆኗ፣ ተበላሽቶ የተሠራን ቦኮላ መልሶ ለማሠራት ጊዜ አይገኝም።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሃይድሮሊክ ቻክ ታላቅ አጋዥ ነው። ከዋናው ዘንግ ኋላ ያለው ሲሊንደር በዘይት ግፊት መሳቢያውን ቱቦ ይስባል፤ ቱቦው በቻኩ ውስጥ ያለውን ሽብልቅ ሲስብ ሦስቱ መንጋጋዎች ባንድነት ይጨብጣሉ። የእጅ ቁልፍ ድካም ቀርቷል፤ የእጅ ስሜትም አብሮ ቀርቷል። ስለዚህ ልኩን የሚያውቀው ግፊቱን የሚያስተካክለው ሰው ብቻ ነው።

በአገጣጠሙ ጊዜ የዋናው ዘንግ አፍንጫና የቻኩ ጀርባ በቅድሚያ ከብረት ብናኝ ይጸዳሉ። ፒስተኑ በዝቅተኛ ግፊት ወደ ፊት ከተገፋ በኋላ የማሽኑ ኃይል ይቋረጣል፤ ቱቦውም ከቻኩ ጋር በጥርሱ ይያያዛል። ቡሎኖቹ በዙር ተራ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠብቃሉ። ከዚያም ባለሰዓቱ መለኪያ በቻኩ ዙሪያና በፊቱ ላይ ተደግፎ ቻኩ በእጅ ይዞራል፤ መዛነፉ ከተፈቀደው ካለፈ ተፈትቶ እንደገና ይጸዳል። መንጋጋዎቹ ሥራውን የሚጨብጡት በጉዟቸው መካከል ግድም እንጂ በመጨረሻው ጫፍ መሆን የለበትም፤ ጉዞው ካለቀ በኋላ ግፊቱ ሥራውን አይጨብጥም።

ዋናው ፈተና ግን ከዚህ በኋላ ነው። ግድግዳው ስስ የሆነ ቦኮላ በከፍተኛ ግፊት ሲያዝ በሦስቱ መንጋጋዎች ሥር ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ውስጡ እንደ ተያዘ ሲቦረቦር ፍጹም ክብ ይሆናል፤ ሲለቀቅ ግን ብረቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ስለሚመለስ ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ይባስ ብሎ በሁለት ነጥብ የሚለካው ካሊፐር ይህን ጉድለት ሊሰውረው ይችላል። ዘንጉ በጥቂት ቦታ ብቻ ተደግፎ ይዞራል፤ ቦኮላውም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ የተለቀቀው ሥራ በሦስት ነጥብ በሚለካ መለኪያ ወይም በልኩ በተሠራ ዘንግ ሊፈተሽ ይገባል።

መድኃኒቱ ግፊቱን መቀነስ ብቻ ነው እንዳይባል ሌላ አደጋ አለ። ሥራው ከውጭ በኩል ሲያዝ፣ ቻኩ በፈጠነ ቁጥር መንጋጋዎቹ ከመሐል ወደ ውጭ ስለሚሸሹ ጭበጣው ይላላል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1000 ዙር ወደ 2000 ዙር ቢያድግ፣ በዚህ ምክንያት የሚጠፋው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። ግፊቱን የቀነሰ ሰው ፍጥነቱንና የስለቱን ጥልቀት አብሮ ካልቀነሰ፣ ሥራው ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ግራሶ ያልተቀባ ቻክም የመለኪያው ቀስት የሚያሳየውን ያህል አይጨብጥም።

የተሻለው ዘዴ ያልጠነከረ ብረት መንጋጋ አስገብቶ፣ ለሥራው በሚውለው ግፊት ቀለበት አስጨብጦ፣ በቦኮላው የውጭ ልክ መቦርቦር ነው። ሰፊ መንጋጋ ቦኮላውን ዙሪያውን ስለሚያቅፈው ኃይሉ በሦስት ነጥብ አይከማችም።

በየሥራው የተመረጠው ግፊትና ፍጥነት በመዝገብ ይጻፍ፤ ተተኪው ባለሙያም ከዚያ ይነሣ። በቶርኖ ቤት በግፊት መለኪያው ላይ የተሠራ ስሕተት፣ በሸኮ ገበሬ ቡና ላይ የተቆረጠ ፍሬ ሆኖ ይታያል።