የትኛው ሲ-25?

ዛሬ ስለ አንድ ዓምድ ነው የማወራችሁ። የሕንፃ አይደለም፣ የሠንጠረዥ ዓምድ ነው።

የኮንክሪት ጥንካሬን የሚተነብይ ሞዴል ለመሥራት ከተማሪዎቼ ጋር የቆዩ የኪዩብ መፈተሻ መዝገቦችን ሰብስበን ነበር። ሞዴሉ ግን አንዳንዱን በ5 ሜጋፓስካል ያህል ይስተዋል። ሳምንታት ሙሉ ቀመሩን ስንወቅስ ከረምን። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው! እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የሕንፃ ኮዳችን ሲ-25 ማለት በኪዩብ 25 ነው። ከዩሮኮድ በተወሰደው በ2015ቱ ደግሞ ሲ25/30 አለ፤ በሲሊንደር 25፣ በኪዩብ 30። እኔ ለማሳጠር ብዬ ሁለቱንም «ሲ-25» ብዬ አስገብቻቸዋለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ባለንብረት አሮጌ ሕንፃው ላይ ፎቅ ሊጨምር ፈልጎ ግምታችንን ጠይቆን ነበር። መጀመሪያ ኮር ወጥቶ ይፈተሽ አልነው እንጂ ቁጥሩን አልሰጠነውም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን የናሙናው ቅርጽና ኮዱ የየራሳቸው ዓምድ አላቸው። የጎደሉን የወደቁት ኪዩቦች ናቸው። የወደቀ ውጤት ፋይል ውስጥ ብዙም አይቆይም፣ ሳይት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሞዴላችን ደካማ ኮንክሪት አይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። በየመሳቢያችሁ ካለ፣ የፕሮጀክቱን ስም ሰርዛችሁም ቢሆን አምጡልን።