ከዝርዝሩ ግርጌ፦ ስለ ፋብሪካዎች የአቅርቦት ሥጋት



በፋብሪካ የግዥ ክፍል የሚዘጋጅ የዕቃ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚደረደረው በዋጋ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ከላይ ይሰፍርና የሥራ አስኪያጁም ዓይን፣ የኦዲተሩም ጥያቄ ወደዚያው ያዘነብላል፤ ከግርጌ ያሉት ቺንጊያ፣ ጋርኒሲዮን፣ ኩሽኔታና ቫልቭ ግን ለግምጃ ቤት ሠራተኛው ይተዋሉ። ፋብሪካ የሚያቆመው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያው ከግርጌው ነው።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 እ.ኤ.አ.፣ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ፣ ካሪያ በተባለው የጃፓን ከተማ የሚገኝ የአይሲን ሴይኪ ኩባንያ ፋብሪካ በእሳት ወደመ። ፋብሪካው ለቶዮታ የፍሬን ግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ ያቀርብ ነበር፤ ይኸውም መኪና በኃይል ሲቆም የኋላ ጎማዎች ቀድመው ተቆልፈው እንዳይንሸራተቱ የፍሬን ዘይቱን ግፊት የሚመጥን፣ መጠኑ ከሲጋራ ፓኬት የማይበልጥ ዕቃ ነው። ቶዮታ ይህን ቫልቭ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያገኘው ከዚሁ ከአንድ ሥፍራ ሲሆን፣ ክምችትን እንደ ብክነት በሚቆጥረው የታወቀ አሠራሩ መሠረት በእጁ የነበረው የጥቂት ሰዓታት ፍጆታ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ከ30 የመገጣጠሚያ መስመሮቹ 20ው ቆሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለመሐንዲስ ከእሳቱ ይልቅ ያስተምራል። አይሲን የቫልቩን ንድፍ ሊሠራ ለሚችል ሁሉ አደለ፤ ከ60 የሚበልጡ ድርጅቶችም ዋጋ ሳይደራደሩ ሥራውን ተከፋፈሉት። ከእነዚህ አንዱ በስፌት መኪና የታወቀው ብራዘር ኩባንያ ነበር፤ የመኪና ዕቃ ሠርቶ ባያውቅም የነበረውን ማሽን አስተካክሎ በቀን ጥቂት አሥሮች ቫልቮችን አቀረበ። በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ የቶዮታ ምርት ወደ ቀድሞው መጠን ተቃረበ።

ይህን ታሪክ አንዳንዶች የአነስተኛ ክምችት አሠራር ውድቀት፣ ሌሎች ደግሞ የመተባበር ድል አድርገው ይተርኩታል። ሁለቱም አንድ ቀላል ስሌት ይዘላሉ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ቁጥር ይፈለጋል፦ ዕቃው ቢቋረጥ ፋብሪካው ስንት ቀን ይሠራል? ምትኩን ለማግኘትስ ስንት ቀን ይፈጃል? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበለጠ፣ ልዩነቱ የሚባዛው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን ፋብሪካው በቀን በሚያጣው ገቢ ነው። ስሌቱ ከአራቱ የሒሳብ መደቦች አያልፍም፤ የአስተዳደር መጻሕፍት በሥዕል ማስጌጣቸው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የአንድ ሳምንት የቫልቭ ክምችት ለቶዮታ እጅግ ርካሽ በሆነ ነበር፤ የአንድ ሳምንት የሞተር ክምችት ግን አይሆንም።

ኩባንያው ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘው በማርች 11 ቀን 2011 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። የሬኔሳስ ኩባንያ የናካ ፋብሪካ እስከ ጁን መባቻ ድረስ ማይክሮቺፕ ማምረት አልቻለም። ከዚህ በኋላ ቶዮታ አቅራቢዎቹ ከ2 እስከ 6 ወር የሚበቃ ቺፕ እንዲያከማቹ ጠየቀ። በ2021 መጀመሪያ የቺፕ እጥረት ሌሎችን ሲያስጨንቅ እርሱ ለጊዜው ተቋቋመ፤ ሆኖም ለዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ያቀደውን ምርት በ40 በመቶ ለመቀነስ ተገዷል። ክምችት ጊዜ ይገዛል እንጂ ዕቃ አይፈጥርም።

ወደ ኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ሲመጣ ሁለተኛው ቁጥር በቀን ሳይሆን በወር ይቈጠራል። የአሰብ መንገድ በ1998 እ.ኤ.አ. በተነሣው ጦርነት ከተዘጋ ወዲህ የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ በአብዛኛው የተመካው በጅቡቲ ላይ ነው። ከአቅራቢው የማምረቻ ጊዜ ላይ የውጭ ምንዛሪ፣ የመርከብ፣ የወደብ፣ የመንገድና የጉምሩክ ጊዜ ይደመራል። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄዳቸው ይታወሳል። እንዲህ ባለ መንገድ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ፋብሪካ የጃፓንን የሰዓታት ክምችት ቢቀዳ ራሱን ይጎዳል። በሌላ በኩል ሁሉን ማከማቸት የሥራ ማስኬጃ ገንዘብን በመደርደሪያ ላይ ማሰር ነው፤ ስለዚህ ምርጫው በስሌቱ መሠረት ከግርጌው ይጀመር።

ከክምችቱ ይልቅ የጎደለው ግን ንድፉ ነው። ተተክሎ በተገዛ ፋብሪካ ውስጥ የብዙ መለዋወጫ ማንነት የሚታወቀው በአምራቹ ካታሎግ ቁጥር ብቻ ነው፤ ልኩ፣ የብረቱ ዓይነት፣ የሙቀት ሕክምናውና የሚፈቀደው የልክ ልዩነት በእጅ የለም። ዘንግ ሲሰበር ስብርባሪው ወደ ቶርኖ ቤት ይወሰዳል፤ ባለሙያውም የተበላውን ልክ እንደ ትክክለኛ ይዞ ይሠራል። እንዲህ የተሠራ ዘንግ ቶሎ ቢሰበር ጥፋቱ የቶርኖ ሠራተኛው አይደለም። መለኪያው ዕቃው ደህና ሳለ፣ በመደበኛው የጥገና ጊዜ መወሰድ ነበረበት። እርግጥ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ በቶርኖና በፍሬዛ አይሠራም፤ ለዚህ ያለው መከላከያ ክምችት ብቻ ነው።

አንድ ዓይነት መኪና የሚያንቀሳቅሱ ፋብሪካዎች፣ በገበያ ቢፎካከሩም፣ ለአንድ አደጋ በየግምጃ ቤታቸው ሁለትና ሦስት ጊዜ ከሚያከማቹ የዝርዝራቸውን ግርጌ ቢለዋወጡ የሚከለክላቸው የለም። የንግድ ምሥጢር የሌለበት መነሻ ኩሽኔታ ነው፤ 6205 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ በየትኛውም አገር ቢሠራ የውስጡ ስፋት 25፣ የውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው።