የግጥሚያ መደራረብና የቡድን ኃይል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በእግር ኳስ ቡድኑ ስም የተደረገ ንግግር)



በእግር ኳስ የተሸነፈ ቡድን ሁሉ ወይ ችሎታ ያነሰው ወይ ልቡ የፈራ ነው ተብሎ ይታማል። እኛ ግን ዛሬ ስለ ሦስተኛው ምክንያት፥ ስለ ዕረፍት ማጣት፥ ጥቂት ልንናገር ፈቅደናል።

በመጀመሪያ ከአገራችን ታሪክ እንነሣ። በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ፥ የኢትዮጵያ ቡድን ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ። የግብፅ ቡድን ግን ከኡጋንዳ ጋር የተጋጠመው ጥር 10 ቀን ነበር። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን ስለ ሆነ የእኛዎቹ በሰባተኛው ቀን፥ ግብፆች በሦስተኛው ቀን ተሰለፉ። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀደሙ፤ የእኛዎቹም ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። በተጨመረው ሠላሳ ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አግብተው ዋንጫው በ4 ለ 2 ውጤት እዚሁ ቀረ። ለዚህ ድል የተጫዋቾቹ ጀግንነት፥ የሕዝቡ ድጋፍና የከተማው ከፍታ ድርሻ ነበራቸው። የአራት ቀን ተጨማሪ ዕረፍትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ምክንያቱም ዘጠና ደቂቃ የሮጠ ተጫዋች በጡንቻው ውስጥ የተከማቸውን ስንቅ አብዛኛውን ይጨርሳል። ይህ ስንቅ ደኅና ምግብ እየተበላ እንኳ ተመልሶ እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ገበሬ እንኳ በሬውን ሲያርስበት ውሎ ማታ ከቀንበር ይፈታዋል።

ድካም ደግሞ ከውጭ አይታይም። በ2010 እ.ኤ.አ. በአንድ የአውሮፓ ታላቅ ቡድን ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ተጫዋቾቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲጋጠሙ የሮጡት ርቀት አንድ ጊዜ ሲጋጠሙ ከሮጡት አላነሰም። ጉዳቱ ግን በ1000 ሰዓት ጨዋታና ልምምድ ከ4.1 ወደ 25.6 ከፍ አለ። ስለዚህ ተመልካች «ደኅና ይሮጣል» ሲል ጡንቻው ሊበጠስ ተቃርቦ ይሆናል።

ባለጸጋ ቡድኖች መላ አላቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. ሊቨርፑል ዲሴምበር 17 በእንግሊዝ አገር፥ በማግስቱም በዶሃ ግጥሚያ ስለ ነበረው ለመጀመሪያው ወጣቶቹን አሰለፈ፤ በአስቶን ቪላም 5 ለ 0 ተሸነፈ። ዋናው ቡድን ግን በዶሃ ሞንቴሬይን 2 ለ 1 አሸነፈ።

እኛ ሁለት ቡድን የሚሆን ተጫዋች የለንም። በእኛ ዘንድ አንዱ ልጅ ማክሰኞ ለክፍሉ፥ ሐሙስ ለትምህርት ቤቱ፥ ቅዳሜ ለሰፈሩ ይጫወታል፤ ሰኞም ፈተና ይቀመጣል። ሰውነቱም ገና በማደግ ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። የግጥሚያ ሰሌዳ የሚያወጡ መምህሮቻችን በሁለት ግጥሚያ መካከል ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ይተዉልን። ወላጆቻችን «አሸነፋችሁ ወይ?» ከማለታቸው በፊት «በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ተጫወትክ?» ብለው ይጠይቁን። እናንተም ጓደኞቻችን፥ ጉልበታችሁን ሲያማችሁ አትደብቁ። ዝም ብሎ የሚያነክስ ተጫዋች ለራሱም ለቡድኑም አይጠቅምምና።