ስለ ብየዳ መሣሪያ አመራረጥ

በሞጣ አቅጣጫ በዓባይ ላይ የተሠራው የጥንት ድልድይ ጐጃምንና በጌምድርን ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከመካከሉ ስለ ተሰበረ ሰባራ ድልድይ ተባለ፤ ሕዝቡም በገመድ እየተጐተተ ሲሻገር ብዙ ዘመን ኖረ። በኋላም በተሰበረው ስፍራ ላይ የብረት መሸጋገሪያ ተጋደመና የሁለቱ አገር ሰው እንደ ቀድሞው ተገናኘ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ የሥራ ሁሉ ብርታቱ በመጋጠሚያው መሆኑ ነው።

ብረት ሠሪ በቀድሞ ዘመን ይናቅ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ዛሬ በቢቸናም ሆነ በሞጣ አንድ ወጣት በቤቱ የብየዳ ሥራ ሊጀምር ቢያስብ፥ የሚያሰጋው ስድብ ሳይሆን የመሣሪያ ምርጫ ነው። በሬውን ሽጦ የገዛው መሣሪያ ሥራ ከፈታ፥ በሬውም ገንዘቡም ጠፋ ማለት ነውና።

ቲግ በሚባለው ብየዳ በመያዣው ጫፍ የቱንግስተን ዘንግ አለ። ብረት በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፥ ቱንግስተን ከ3400 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። በዙሪያውም አርገን የሚባል ጋዝ እየወጣ የቀለጠውን ብረት አየር እንዳያበላሸው ይጋርደዋል። ስለዚህ ስስ ላሜራንና የማይዝግ ብረትን በንጽሕና ለመበየድ እጅግ ይመቻል።

ነገር ግን ያማረ ሁሉ ለሁሉ አይሆንም። በቲግ የሚበየድ ብረት ዝገቱና ቀለሙ አስቀድሞ መፋቅ አለበት። በሜዳ ላይ ነፋስ ጋዙን ይበትነዋል፤ አርገኑ ባለቀም ጊዜ ሲሊንደሩን ወደሚሞላበት ከተማ መውሰድ ግድ ነው። የበር፥ የመስኮትና የጋሪ ሥራ ለሚበዛበት ሰው የተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ይሻለዋል።

ስለዚህ ገዢው ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ የሚበይደውን ነገር ይወቅ። ለብረትና ለማይዝግ ብረት ዲሲ የሚሰጥ መሣሪያ ይበቃል፤ ለአሉሚኒየም ግን ኤሲ ጭምር የሚሰጥ ያስፈልጋል፥ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሁለተኛ፥ የመሣሪያውን ኃይል ይመልከት። ለአንድ ሚሊሜትር የብረት ውፍረት 40 አምፔር ገደማ ይታሰባል፤ ለ3 ሚሊሜትር 120 ይሆናል። በመሣሪያውም ላይ በ160 አምፔር 60 በመቶ ተብሎ ቢጻፍ፥ በዚያ ኃይል ከ10 ደቂቃ 6 ደቂቃ ሠርቶ 4 ደቂቃ እንዲያርፍ ማለት ነው። ሦስተኛ፥ የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር በባለሙያ ያስመርምር፤ ቀጭን ገመድ ከባድ መሣሪያ ቢያሠሩበት ይግላል፥ እሳትም ያስነሣል።

ለጀማሪ የሚመከረው፥ በኤሌክትሮድም በቲግም የሚሠራ፥ እስከ 200 አምፔር የሚሰጥ የዲሲ መሣሪያ ነው። በኤሌክትሮድ ሥራ ጀምሮ እንጀራውን ያገኛል፤ ጥሩ ሥራ ፈላጊ ሲመጣለት መያዣውንና አርገኑን ይጨምራል። ከመሣሪያው ዋጋ ላይም የፊት መከለያና የቆዳ ጓንት ዋጋ አስቀድሞ ይቀንስ፤ የብየዳ ብርሃን ዓይን ይጐዳልና። በተዘጋ ቤትም አይሥራ፤ አርገን ሽታ የለውም፥ ነገር ግን አየሩን አስለቅቆ ሰውን ያፍናል።

መሣሪያ ለሥራ ይመረጣል እንጂ ሥራ ለመሣሪያ አይመረጥም። ይህን ያወቀ ባለ እጅ በሬውን ቢሸጥ አይጸጸትም።