ለዕረፍት መውጣትም ዕቅድ ይፈልጋል
(በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ብድር አይደለም፤ ስለ ዕረፍት ነው። የሐይቅና የአምባሰል ቡድኖች አንድ ቀን አብረን ወጥተን አገራችንን እንይ የሚል ሐሳብ ከተነሣ ሰንብቷል። አንዳንዶቻችን «የቤት ሥራ መች አልቆ?» አልን። ሌሎቻችን «የሣጥን ገንዘብ ለሽርሽር?» ብለን ሰጋን። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ዕቅዱን ከነወጪው ይዘን ቀርበናል።

መጀመሪያ፣ ለምን እንወጣለን? ለእኛ አካባቢ ሴት መንገድ ማለት ገበያ፣ ወፍጮ፣ ለቅሶ፣ ጠበልና ዚያራ ነው። ሩቅ ከተባለ ደግሞ ዓረብ አገር ነው። ጂዳንና ቤይሩትን የሚያውቁ፣ ውጫሌ አጠገብ ያለውን ይስማ ንጉሥን ግን ያላዩ ልጆች አሉን። ሥራ ፍለጋም ሐዘንም ያልሆነ መንገድ አብረን መሄድ ይገባናል።

ሁለተኛው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ማሌዥያ የምትባል አገር አለች። ማሌዎች፣ ቻይናዎች፣ ሕንዶችና ሌሎችም ሕዝቦች አብረው ይኖሩባታል። ዒድ፣ የቻይናዎች አዲስ ዓመት፣ ገናም በአገሪቱ ሥራ የሚዘጋባቸው በዓላት ናቸው። በበዓል ቀን ባለበዓሉ ቤቱን ከፍቶ የሌላ እምነት ጎረቤቶቹን ይጋብዛል። እዚያ ለዕረፍት የሚሄድ ብልህ እንግዳ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ሦስት ነገር ያጣራል፤ የበዓሉንና የጾሙን ቀን፣ የዝናቡን ወቅት፣ የምግቡን ነገር። በምሥራቁ ጠረፍ ከኅዳር እስከ የካቲት ኃይለኛ ዝናብ ስለሚጥል ብዙ የደሴት ማረፊያዎች ይዘጋሉ። ይህን ሳይጠይቅ የሄደ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የተቆለፈ በር ያገኛል።

ወሎም እንዲሁ ናት። እኛም በአንድ ቡድን ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም ስላለን የቀን መቁጠሪያውን ለሁለት ማየት ግድ ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም ጨረቃ ከታየች በዚያው ሳምንት ይጀምራል። ከዚያ በፊት ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። በታኅሣሥ ገና አጨዳና ውቂያ አለ፤ የነቢያት ጾምም እስከ ገና ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዓርብ ጁምዓም ነው፤ ሐሙስ ዱዓ ያላቸው እህቶች አሉ። ይህን ሁሉ ስናወጣ የቀረልን በጥምቀትና በነነዌ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን እንዲሆን እናቀርባለን።

ሦስተኛው፣ ወዴት? ጠዋት ወደ ይስማ ንጉሥ እንሄዳለን። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 የተፈረመው እዚያ ነው። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛ ንጉሡ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር ይችላሉ ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አስመሰለው። እቴጌ ጣይቱ ይህን አንቀጽ አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ነበሩ። ነገሩ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። ይህ ታሪክ ለእኛ የትናንት ብቻ አይደለም። ዛሬም ልጃችን በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ የሥራ ውል ትፈርማለች። እናቶች ሴት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ የምንለው ለዚህ ነው፤ ሳያስነብቡ መፈረም ምን እንደሚያመጣ እዚያው ቦታው ላይ ቆመን እንነግራቸዋለን።

ከቀትር በኋላ ወደ ሐይቅ እንመለሳለን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ነውና ወደ ውስጥ አንገባም። ከውኃው ዳር ሆነን እናየዋለን፤ እንግዶቻችንም ይህን ቀድመው ይወቁት።

ምሳውስ? የሥጋ ነገር እንደሚለያየን ታውቃላችሁ፤ ባርኮ የሚያርደው ሌላ ነው። ዓሣ ግን አይታረድም። ቀኑም የፍስክ ስለሆነ የሐይቁን ቆሮሶ አስጠብሰን፣ ሽሮና ጎመን ጨምረን፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ቀኑን እንዲህ አጥብቀን የፈለግነው ማንም እህት ለብቻዋ ምሳ ቋጥራ ጥግ እንዳትቀመጥ ብለን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የብድር ሣጥኑ አይነካም። ከደጋፊዎቻችን የመጣውም ለታሰበለት ሥራ ብቻ ይውላል። ከዛሬ ጀምሮ ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት 30 ብር ለብቻው ይቆጠባል፤ ለአንዷ 300 ብር ይሆናል። በተለየ መዝገብ ይጻፋል፤ የጉዞው ማግስት ሒሳቡ በስብሰባ ይነበባል። 30 ብር የሚከብዳት እህት ለቡድኗ ሰብሳቢ በምሥጢር ትንገር፤ ከማኅበራዊ ሣጥን ይሸፈንላታል። በገንዘብ ምክንያት የምትቀር አትኑር። ለመኪናው ከሦስት ባለንብረቶች ዋጋ ጠይቀን የሚሻለውን እንይዛለን።

ቤት የሚቀሩትንም አስበናል። እንጀራው ሰኞ ማታ ይጋገር። የምታጠባ እናት ልጇን ትያዝ። አቅመ ደካማ የምታስታምመዋን እህት ጎረቤቶቿ በተራ ይተኳት፤ በለቅሶ ጊዜ የምንተካካ ሰዎች ለደስታ ቀን መተካካት አያቅተንም። የመንገዱን ሰላም ከዋዜማው ጀምሮ ከሾፌሮች እንጠይቃለን፤ ጥርጣሬ ካለ ቀኑን እናዛውራለን። ሰላም ከሆነም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ሰው ቤቱ ይገባል።

እንግዲህ ለውሳኔ የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው፤ ቀኑ፣ የሳምንቱ 30 ብር፣ የተተኪዎቹ ስም ዝርዝር። በየቡድናችሁ ተነጋገሩና በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ አውጡ። የምትቃወም እህት ካለች ፊት ለፊት ትናገር፤ ቅር ያላትን ይዘን አንወጣም።

ለጥር 19 በሰላም ያድርሰን። አሚን።